የእናቴን ብስክሌት ለቁራሌው ልስጠው?

ጥያቄ

ውድ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ስከታተል ብዙ ጊዜዬ ነው፤ ዛሬ ግን ራሴ ጠያቂ ሆኜ መጣሁ። ሃምሳ ሁለት ዓመቴ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ፣ ጣና ዳር ነው። አሁን የምኖረው አባይ ማዶ ከባለቤቴና ከልጄ ጋር ነው።

እናቴ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኛ ነበረች። ከአዴት ገጠር መጥታ በ1960 ፈትል ክፍል ገባች፣ ጡረታም የወጣችው ከዚያው ነው። ሥራ የምትሄደው በብስክሌት ነበር። ሽፍት ሲለቀቅ መንገዱ በብስክሌት ይሞላል። ሴቱ ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ፣ ወንዱ ኮቱን እያውለበለበ ከዘንባባዎቹ ሥር ሲመጣ ክሊንጉ ከሩቅ ይሰማል። እኔ በር ላይ ቆሜ ከዚያ ሁሉ ክሊንግ የእማዬን እለይ ነበር።

ቤታችን ጭቃ ቤት ቢሆንም ጓሮው እስከ ውሃው ይደርሳል። ቅዳሜ ጠዋት ከዘጌ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች ይመጣሉ። የተሠሩበት ደንገል ውሃ ጠጥቶ ስለሚከብድ ባለታንኳዎቹ ጭነቱን ካራገፉ በኋላ ጎትተው ያወጡና ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። እኛ ልጆቹ ከቆመው ታንኳ ጥላ ሥር ተቀምጠን ዘይቱን እንበላ ነበር። የእርጥብ ደንገል ሽታ እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ቦታው ለልማት ተፈለገ፤ ምትክ ተሰጥቶን አባይ ማዶ ቤት ሠራን። ካሳው አነሰ በዛ ብዬ ዛሬ አልከራከርም። በግቢያችን ላይ ሆቴል ቆመ። እማዬ አዲሱ ቤት ዘጠኝ ዓመት ኖራ አረፈች።

ነገሩ የጀመረኝ ከዚያ በኋላ ነው። በየቅዳሜው ከገበያ ስወጣ መንገዴ ባይሆንም እግሬ ወደ ሽምብጥ ይወስደኛል። አጥሩ ሥር እቆማለሁ። ማንጎአችን አልተቆረጠም፤ በሆቴሉ አትክልት መሐል ቆሟል። እማዬ ልብስ የምታሰጣበት ሽቦ ግንዱ ላይ ታስሮ ነበር። ዛፉ እየወፈረ ሽቦውን ውጦት ዛሬ የሚታየው ጫፉ ብቻ ነው። ያንን ጫፍ አይቼ እመለሳለሁ። ባለፈው ወር ዘበኛው፣ ልጄን የሚያክል ልጅ፣ «እናት፣ ሰው ፈልገው ነው?» አለኝ። መልስ ጠፋኝ። «አይ፣ መንገድ ተሳስቼ ነው» ብዬው ሄድኩ። እትብቴ በተቀበረበት ግቢ በር ላይ ቆሜ መንገድ ተሳስቼ ነው አልኩ። ድልድዩን የተሻገርኩት እያለቀስኩ ነው።

ባለቤቴ ደግ ሰው ነው፤ ግን ሰለቸው። «ይኼ በሽታ ነው» ይላል። የእማዬ ብስክሌት ሰርቪስ ቤቱ ጥግ ቆሟል። ጎማው አልቋል፣ ካቴናው ዝጓል። «ለቁራሌው ስጪውና ይውጣልሽ» ይለኛል። መሪውን ግን እማዬ በገዛ እጇ በሰማያዊ ፈትል ጠምጥማዋለች። ቀኝ እጇ የሚያርፍበት ላይ ክሩ ሳስቶ ብረቱ ይታያል። ያንን ለማን ልስጥ?

ከሁሉ የከበደኝ የልጄ ነገር ነው። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ፖሊ ቴክኒኩ፣ እኛ ፖሊ የምንለው፣ ምህንድስና ትማራለች። የማውቀው ፊት ጠፋ፣ ከተማዋን ከሌላ አገር የመጣ ሰው ወሰዳት እያልኩ ሳወራ ሰምታኝ፣ «እማ፣ አንቺ ስለ ባሕር ዳር ስታወሪ እኔ የምኖረው እናንተ በልታችሁ የተረፈው ፍርፋሪ ላይ ይመስለኛል» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አፌን ዘጋሁ።

ቅዳሜዬን ልተው? ብስክሌቱን ላስወጣው? ይምከሩኝ።

የፈታይዋ ልጅ፣ ከአባይ ማዶ

መልስ

እህቴ፣ በዕድሜ ሳልበልጥሽ አልቀርምና አንቺ ልበልሽ። ብስክሌቱን ለቁራሌው አትስጪው። ይኼን አስቀድሜ ልንገርሽና ወደ ሌላው እንሂድ።

ደብዳቤሽን ደግሜ ሳነበው አንድ ነገር አየሁ። ግቢው የሄደው ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነው። እናትሽ በሕይወት በነበረችባቸው ዘጠኝ ዓመታት አጥሩ ሥር ቆምኩ አላልሽኝም። መቆም የጀመርሽው እሷ ካረፈች ወዲህ ነው። ያኔ ሽምብጥ ቢሄድም እማዬ ቤት ውስጥ ነበረች፣ ብስክሌቷም በር ላይ። እሷ ስትሄድ ሁለቱ ሐዘን ባንድ ላይ ወደቀብሽ። ለእናትሽ ጎረቤት ተሰብስቦ ለቅሶ ተቀምጦላታል፣ ተዝካሯም ወጥቷል። ለግቢው ግን ማንም ለቅሶ አልተቀመጠም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻሽን የምትቀመጪው የእሱን ነው። ለባለቤትሽ እንዲህ ብለሽ ንገሪው፤ ደግ ሰው ካልሽኝ ይገባዋል።

ከተማዋን ከሌላ አገር የመጣ ሰው ወሰዳት ያልሽው ላይ ግን አልስማማም፤ እናትሽ ራሷ ከአዴት ናት የመጣችው! በ1960 ስትመጣ፣ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ተጠግታ የኖረችው መንደር፣ ባሕር ዳር፣ ገና ከተማ መሆኗ ነበር። ፋብሪካው ጣሊያን በከፈለው የጦር ካሳ ተሠርቶ ከቆመ ከ1953 ወዲህ ገና ሰባት ዓመቱ ነው። ፖሊ በሶቪየት ኅብረት ትብብር የተቋቋመው በ1955 ነው። የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫም ገና አዲስ ነበር። የጀርመን ባለሙያዎች የከተማዋን ፕላን ያወጡት በዚያው ዘመን ነው። ከዚያ በፊት እዚያው የኖረ ሰው እናትሽ በብስክሌት ስትነጉድ አይቶ፣ ሴቲቱስ ከየት መጣች፣ አገሩ ጠፋ ሳይል የቀረ አይመስለኝም። በ1987 ቆጠራ የባሕር ዳር ሕዝብ 96,000 ያህል ነበር፤ በ1999 ከ155,000 አለፈ። ያ ሁሉ ሰው እንደ እናትሽ እንጀራውን ፍለጋ የመጣ ነው። የእሱም ልጆች በር ላይ ቆመው የሚለዩት ድምፅ አላቸው።

ደግሞም ክሊንጉን የሰማሽው አንቺ ነሽ። እሷ ሌሊቱን ማሽን ሥር ቆማ አድራ ነው የመጣችው፤ ያውም ልጆቿ እንደሷ ቆመው እንዳያድሩ ብላ። የልጅ ልጇ ፖሊ ገብታለች። እናትሽን ዛሬ ቀስቅሰን የ1970ዎቹን ባሕር ዳር ልንመልስልሽ ወይ ብንላት፣ መጀመሪያ የምትጠይቀን ስለ ልጅቷ ይመስለኛል።

የሐይቁ ዳር ነገር ሲሆን ግን ከጎንሽ ቆሜያለሁ። ማንም ልጅ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚውልበት ዳርቻ ብዙው አጥር ገብቷል። ደንገሉ ቀንሷል፤ በደንገሉ የሚኖሩት፣ ታንኳ መሥራትን ከአባት ከእናታቸው የተማሩት ወይጦዎች ኑሮ አብሮ ጠቧል። በ2004 መኖሩ የታወቀው እምቦጭ የሚባለው አረም ሐይቁን ምን እንዳደረገው አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰሞኑን በኮሪደር ልማት ዳርቻው በከፊል ተከፍቶ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ሲወጣለት በጣም ደስ ካላቸው ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ፤ ስለቀረው ግን ዝም ማለት የለብንም። አንቺ ታንኳዎቹ የት እንደሚያራግፉ፣ የቱ ጋ ደንገል እንደነበረ፣ ሰው በየት ወደ ውሃው ይወርድ እንደነበር በዓይንሽ ያየሽ ሰው ነሽ። በአጥር ሥር ለራስሽ ከምታወሪው፣ ቀበሌ ስለ ሐይቁ ስብሰባ ሲጠራ ተነሺና ይኼንኑ ተናገሪ። ካርታ ላይ የሌለውን የምታውቁ ሰዎች ቁጥራችሁ እየቀነሰ ነው።

ወደ ልጅሽ ልምጣ። ፍርፋሪ ያለችው ቃል አንቺን ካመመሽ በላይ እሷን ሳታማት አልወጣችም። ሃያ ዓመት የኖረችበትን ከተማ እናቷ ስትቀብርባት መስማት ቀላል አይደለም። ያወራሽው አልከፋም፤ የከፋው አንድም ቀን የሷን አለመጠየቅሽ ነው። ስለዚህ አፍሽን አትዝጊ፤ ተራ ስጫት። አንድ ቀን ወደ ማታ አብራችሁ በእግር ወደ አዲሱ ድልድይ ውጡ። በግንቦት 2016 ሲመረቅ ከተማው እንዴት እንደወጣ ታስታውሻለሽ። 380 ሜትር ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድ ሰው ብዙ ያስወራል። የምህንድስና ተማሪ ናትና እንዴት እንደቆመ ጠይቂያት። ማታ ከጓደኞቿ ጋር የት እንደምትቀመጥ፣ የቱ ቦታ ቢፈርስባት እንደምታለቅስ ጠይቂያት። እያረምሽ አትስሚያት። «ድሮ እኮ እዚህ ጋ...» ማለት ሲመጣብሽ ለዚያች ማታ ዋጪው። ለእኔም ከባድ ነው፤ ልጆቼ ፊት ስንቴ አምልጦኛል።

ብስክሌቱን ከእሷ ጋር ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። ጎማ፣ ከመነዳሪ፣ ካቴናና ፍሬን ይቀየርለት። ጠጋኙ መሪውን በአዲስ ፕላስቲክ ልሸፍነው ሊል ይችላልና ቀድመሽ ንገሪው፤ ሰማያዊውን ፈትል እንዳይነካ። ከዚያ ትንዳው። ፖሊ ይዛው ብትሄድ መልካም፣ ከበዳት ብላ ብትተወው ደግሞ አትቀየሚያት። ያኔ አንቺው ንጂው፤ ሃምሳ ሁለት ዓመት ለብስክሌት ምኑ ነው? እጅሽም ክሩ በሳሳበት ቦታ ላይ ያርፋል።

ቅዳሜሽንም ልተው አትበይ፤ ግን በየሳምንቱ አጥር ሥር መቆሙ ይብቃ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሂጂ፣ በበሩም ግቢ። ሆቴል ነው፣ ለሁሉም ክፍት ነው። ሻይ አዝዘሽ ማንጎው በሚታይበት ወንበር ላይ ተቀመጪ፤ ሽቦውንም ቀርበሽ ንኪው። ያ ዘበኛ ደግሞ አልበደለሽም፤ «እናት» ብሎ ነው ያናገረሽ። በሚቀጥለው ስትሄጂ ስምሽን ንገሪው፣ ማንጎውን የተከሉት ወላጆቼ ናቸው በይው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ይደርሳል። ልጅሽን ይዘሽ ሂጂና አንድ ሁለት ፍሬ እንዲያወርድላችሁ ጠይቂው።