መልስ፦ የጂፒኤሱና የአብራሪው ከፍታ ለምን አልገጠመም?

ወንድሜ፣ «ወደ ጅማ ስበር ስልኬ ላይ ያለው ጂፒኤስና አብራሪው የተናገረው ከፍታ ተለያየብኝ፤ የቱን ልመን?» ብለሃል። ሁለቱም አልዋሹህም፤ የሚለኩት ነገር ነው የተለያየው።

የአብራሪው አልቲሜትር (የከፍታ መለኪያው) በመሠረቱ የአየር ግፊት መለኪያ ነው። ከጅማ በመኪና ስትነሳ የባዶ ሃይላንድህን ክዳን አጥብቀህ ዝጋና ጊቤ በረሃ ስትወርድ እየው፤ ጭምድድ ብሎ ታገኘዋለህ። ቆላ ላይ ግፊቱ ይበረታላ! በድሮዎቹ አልቲሜትሮች ውስጥም አየሩ የተመጠጠ ስስ የብረት ቆርቆሮ አለ፤ አውሮፕላኑ ሲወጣ ይነፋል፣ ሲወርድ ይጨመቃል፣ ቀስቱን ያዞራል። ዛሬ ሥራውን ሴንሰርና ኮምፒውተር ይሠሩታል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ጣጣው፣ ግፊት ከአየሩ ጠባይ ጋር ይቀያየራል። የ1 ሄክቶፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) ስህተት ወደ 30 ጫማ ያዛባል። ስለዚህ አብራሪው ከማረፉ በፊት የአካባቢውን የግፊት ቁጥር ተቀብሎ ያስተካክላል። ቁጥሩ ወደ ባሕር ጠለል የተሰላ ስለሆነ፣ አባ ጅፋር ኤርፖርት መሬት ላይ ቆሞም መሣሪያው ከ5,000 ጫማ በላይ ያነባል።

ከፍ ብለው ሲበሩ ግን ሁሉም አብራሪዎች መሣሪያውን 1013.25 ሄክቶፓስካል በሚባለው መደበኛ ግፊት ላይ ያደርጉታል። ያኔ የሚነበበው ከፍታ ከእውነተኛው ሊርቅ ይችላል፤ ግን ሁሉም እኩል ስለሚሳሳቱ በመካከላቸው ያለው ርቀት ይጠበቃል። እኔን ሁሌ የሚያስቀኝ ይሄ ነው።

ስልክህ ከሳተላይት ርቀት ስለሚያሰላ ግፊት አይነካውም። ለማረፍ ሲቃረቡ ደግሞ ሬዲዮ አልቲሜትር አለ፤ ሞገድ ወደ መሬት ልኮ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ ይለካል፣ ከ2,500 ጫማ በታች።