ብራቾና ሾክ አብዞርበር ከተቀየረ በኋላ አላይመንት ግድ ነው ወይ?

ሰላም ወንድማችን። ጥያቄህን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው፦ ሞጣ ላይ የቪትዝህን ሁለቱንም የፊት ሾክ አብዞርበርና የግራውን የታች ብራቾ (ጎማውን ከታች ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዘውን ክንድ) ቀይረሃል። መካኒኩ «ዕቃው ኦሪጅናል ነው፣ በድሮው ልኩ ነው የገባው፣ አላይመንት አያስፈልገውም» ብሎሃል። መኪናዋ ግን ትንሽ ወደ ቀኝ ትስባለች፣ ቀጥ ብለህ ስትነዳም መሪው ጠመም ብሎ ይቆማል። ለአላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ በማሽን ለማስተካከል) ብቻ ባሕር ዳር ድረስ መሄድ ያዋጣል ወይ ነው ያልከው።

ያስፈልጋታል። ነገ ጠዋት ተነስተህ ለእሱ ብቻ ባሕር ዳር መንዳት ግን አይጠበቅብህም። መጀመሪያ እዚያው በሜትር ለካት፣ ጎማ በማትበላበት ልክ አስተካክላት፣ ከዚያ ለሌላ ጉዳይ ባሕር ዳር ስትሄድ ማሽኑ ላይ ትወጣለች።

የመካኒኩ ምክንያት አያስኬድም። ዕቃው ኦሪጅናል ይሁን አይሁን ሳይሆን፣ የተፈታው ዕቃ ጎማው የሚያይበትን አቅጣጫ የሚይዝ ነው ወይስ አይደለም ነው መታየት ያለበት። የቪትዝ የፊት ሾክ አብዞርበር ዝም ብሎ ንዝረት የሚያበርድ ዕቃ አይደለም፤ ከነሞላው ጎማውን ከላይ ቀጥ አድርጎ የያዘ ምሰሶ ነው። ከታች በ2 ብሎን ከናክሉ (ጎማው ከሚታሰርበት ብረት) ጋር ይታሰራል። ቀዳዳው ከብሎኑ ትንሽ ሰፋ ስለሚል፣ በሚጠብቅበት ሰዓት ናክሉ ወደ ውስጥ ገባ ካለ ወይም ወደ ውጭ ከተሳበ ካምበሩ (ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ልክ) እስከ ግማሽ ዲግሪ ሊዞር ይችላል። ያው ዕቃ፣ ያው ብሎን፣ ያው ቀዳዳ ሆኖ ማለት ነው። ካምበር ሲነካ ደግሞ የመሪው ዘንግ (ታይሮድ) ርዝመት ባለበት ስለሚቀር ቶም (ጎማዎቹ ከፊት የሚቀራረቡበት ወይም የሚራራቁበት ልክ) አብሮ ይንቀሳቀሳል። ለዚህ ነው ማንም ታይሮድ ሳይነካ መሪህ የጠመመው።

በዚህ ሒሳብ ሌላውን ዕቃ ሁሉ መመዘን ይቻላል። ታይሮድ ኤንድ (ቴስቲኒ የምንለው)፣ ብራቾ፣ የብራቾ ቦኮላ (የመያዣ ላስቲኩ)፣ ቦል ጆይንት፣ የፊት ሞላ፣ ናክል ከተነካ አላይመንት አለ። የስታብላይዘር ሊንክና ላስቲኩ፣ የፍሬን ሸራ፣ የኋላ ሾክ ብቻውን ከሆነ የለም። ኩሺኔታ ራሱ አላይመንት አያበላሽም፤ ነገር ግን እሱን ለማስጨመቅ ናክሉን ከሾኩ ከፈቱት እነዚያው 2 ብሎኖች ተነኩ ማለት ነው። ሃይሉክስ የያዛችሁ ደግሞ የታች ብራቾ ብሎኖቹ ላይ ያለውን ክብ ምልክት ከመፍታታችሁ በፊት በቀለም አስምሩበት፤ ካምበርና ካስተሩ (ጎማው የሚዞርበት ዘንግ ከላይ ወደ ኋላ የሚያዘነብልበት ልክ) የሚስተካከለው በእሱ ነው።

ቶ ሲበላሽ ምን ያህል እንደሚጎዳ በቁጥር ልንገርህ። 165/70 አር 14 ጎማ ዲያሜትሩ ወደ 587 ሚሊ ሜትር ነው። ድምር ቶው በ10 ሚሊ ሜትር ከሳተ እያንዳንዱ ጎማ 5 ሚሊ ሜትር ጠሟል ማለት ነው፤ 5ን ለ587 ስታካፍለው በየ1 ኪሎ ሜትሩ ጎማው 8 ሜትር ተኩል ያህል ወደ ጎን እየተፋቀ ይሄዳል። ሞጣ ባሕር ዳር ደርሶ መልስ ከዚህ ጋር አስላው። እጅህን በጎማው ጥርስ ላይ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ከዚያ ከውጭ ወደ ውስጥ አሻሸው። በአንዱ አቅጣጫ ልስልስ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚነክስ ከሆነ የቶ ችግር ነው። የጎማው የውጭ ጠርዝ ከተበላ ጎማዎቹ ከፊት ተቀራርበዋል (ቶ ኢን)፣ የውስጥ ጠርዝ ከተበላ ከፊት ተራርቀዋል (ቶ አውት)፣ ወይም ካምበሩ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ወደ አለካኩ። ሜዳው ደልዳላ ሲሚንቶ ይሁን። የጎማ ነፋስ በበር ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ቁጥር ልክ ይሞላ፣ ኩንታል ጤፍ ከኋላ ካለ ይውረድ፤ ኋላዋ ሲረግጥ ፊቷ ከፍ ይላልና ልኩን ያሳስትሃል። በክሪክ አንዱን የፊት ጎማ አንሳ፣ በእጅህ እያዞርክ ሚስማር ጥርሱ መሐል ላይ አስደግፍና ዙሪያውን ቀጭን መስመር አስምር፤ ሌላውንም እንደዚሁ። ይህ መስመር ቸርኬው ትንሽ ቢጠማዘዝ እንኳ እንዳትሳሳት ያደርግሃል። አውርደህ ፊቷን በእጅህ ሁለት ሦስቴ ጫን ጫን አድርጋት፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ 3 ሜትር ያህል ወደ ፊት ግፋ። ወደ ኋላ አትግፋት! ወደ ኋላ ስትገፋ ቦኮላዎቹ በሌላ አቅጣጫ ይወጠሩና ቁጥሩ ይለወጣል። ካለፈችብህ ዞረህ እንደገና ከኋላ ጀምር።

አሁን በጎማው የኋላ ጎን፣ በመሐሉ ከፍታ ልክ፣ መስመሩ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርግ። ከምልክቱ የግንበኛ ቱንቢ ጣልና የነካበትን መሬት ላይ አስምር፤ በሌላውም ጎማ እንዲሁ። ከዚያ ምልክቱ ወደ ፊት በኩል እስኪዞር፣ ግማሽ ዙር ማለትም 92 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ግፋ፣ እንደገና ቱንቢ ጥለህ አስምር። መኪናዋን ከላዩ ካነሳህ በኋላ መሬቱ ላይ የኋላ ሁለቱን ነጥቦች ርቀት፣ ከዚያ የፊት ሁለቱን ርቀት በሜትር ለካ። ኋላው ከፊቱ ከበለጠ ቶ ኢን ነው። ለቪትዝ ዜሮ አካባቢ ነው የሚፈለገው፤ ወዲህና ወዲያ 2 ሚሊ ሜትር ካልዘለለ ተረጋግተህ ንዳ። ሁለቴ ለካና ቁጥሩ ካልተቀራረበ የአለካክ ስህተት ነው፣ ታይሮድ አትንካ።

ከሳተ የሁለቱንም ጎን የታይሮድ መቆለፊያ ዳዶ ፍታ፣ የራኩን (ታይሮዶቹን ግራና ቀኝ የሚገፋውን የመሪ ክፍል) የላስቲክ ሽፋን ክላምፕ አላላው (ሽፋኑ አብሮ ሲጠመዘዝ ይቀደዳል፣ በክረምት ጭቃና ውሃ ይገባበትና ራኩን ይጨርሰዋል)። ቪትዝ ላይ ዘንጉ ጎማውን የሚይዘው ከመሐሉ በስተኋላ ስለሆነ ስታረዝመው ቶ ኢን ይጨምራል። አንድ ሙሉ ዙር የአንዱን ጎን ቶ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ስለሚለውጥ በሩብ ዙር፣ በሩብ ዙር ሂድ፤ ሁለቱንም ጎን እኩል አዙር። ቶው ልክ ሆኖ መሪው ብቻ ከጠመመ አንዱን እያሳጠርክ ሌላውን በዚያው ልክ አስረዝም። መሪውን ነቅሎ በጥርሱ ላይ ቀጥ አድርጎ መመለስ የምትሉትን ብልሃት ተዉት፤ የራኩ መሐል ያለቦታው ይቀርና መኪናው በአንድ ጎን ሰፋ፣ በሌላው ጠበብ አድርጎ ይዞራል። ከቀኝ መሪ ወደ ግራ የተቀየረ ቪትዝ ከሆነ ደግሞ የግራና የቀኝ ታይሮድ ጥርስ ብዛት መጀመሪያም እኩል ላይሆን ይችላል፤ ከመንካትህ በፊት ቁጠርና ጻፈው።

ወደ ቀኝ የመሳቡ ነገር ግን ሌላ ነው። ቶ መሪ ያጣምማል፣ ጎማ ይበላል እንጂ ብቻውን አብዝቶ አይስብም። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ አስፋልቱም ለውሃ መውረጃ ወደ ቀኝ ዘቅዘቅ ስለሚል መሪ ስትለቅ ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ብታዘነብል ጤነኛ ናት። ደልዳላ ቦታ ላይም ከሳበች የፊት ጎማዎቹን ግራና ቀኝ አቀያይር፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ጎማ ካልሆነ። መሳቡ ወደ ግራ ከዞረ ችግሩ ጎማው ነው። ካልዞረ ከ10 ኪሎ ሜትር ንዳት በኋላ የቸርኬዎቹን ሙቀት በእጅ ጀርባ አወዳድር፤ የቀኙ ከፈጀህ ፍሬኑ ይዟል። ይህን ሙከራ ከደጀን ወደ ዓባይ ወርደህ እንዳታደርገው፤ እዚያ ሁሉም ይፈጃል።

እነዚህ ካልሆኑ የምጠረጥረው የቀኙን ብራቾ ነው። አዲሱ የግራ ቦኮላ ጎማውን ወደ ፊት፣ ወደ ቦታው መለሰው፤ የቀኙ ግን በዚያው ዕድሜ ላይ ያለ ያረጀ ቦኮላ ነውና ጎማውን ወደ ኋላ ሸሸት አድርጎ ይዞታል። መኪና ደግሞ ካስተሩ ወዳነሰበት ጎን ትስባለች። ማሽን ይህን ያሳይሃል እንጂ አያድንህም፤ ቪትዝ ላይ የካስተር ማስተካከያ የለም። ሰው መሪው ላይ ተቀምጦ ቀስ እያለች ስትሄድ ፍሬን ሲይዝ ጎማው በጭቃ መከላከያው ውስጥ ወደ ኋላ ሲሸሽ ካየህ፣ ወይም ረዘም ባለ ብረት ብራቾውን ስትገፋ የኋላው ቦኮላ ተሰንጥቆ ከታየ፣ ከአላይመንት በፊት እሱን ቀይር።

አንድ ነገር መካኒኩን ጠይቀው፦ የብራቾውን ብሎን መጨረሻ ያጠበቀው መኪናዋ በጎማዋ ቆማ ነው ወይስ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ? ተንጠልጥላ ከሆነ ጎማው ሲወርድ ቦኮላው እንደተጠመዘዘ ይቀራል፣ ብዙም ሳይቆይ ይቀደዳል። አላልቶ፣ በክብደቷ ላይ አቁሞ እንደገና ማጥበቅ የ15 ደቂቃ ሥራ ነው። የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ በቧንቧ አስረዝሞ እስኪንቋቋ መጥበቅ አይደለም።

ባሕር ዳር ስትደርስ በአዴት በኩል የነዳኸው መንገድ አዲሱን ላስቲክ አቀማምጦልሃል፣ ይህ ጥሩ ነው። ማሽኑ ላይ የመኪናህን ትክክለኛ ሞዴል መምረጣቸውን ስክሪኑ ላይ እይ። ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ ያለውን ወረቀት ተቀበል። የኋላ ጎማዎቹ ቁጥር ቀይ ሆኖ «ይስተካከላል» ካሉህ ጠይቅ፤ የቪትዝ የኋላ አክስል ድፍን ስለሆነ የሚዞር ብሎን የለውም፣ ከሳተ ተጣሟል ማለት ነው። የፊት ካምበር በግራና በቀኝ ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከተለያየ እነዚያን 2 የሾክ ብሎኖች አላልተው ናክሉን እንዲገፉት አድርግ፤ ካልበቃ ቀጠን ያለ የካምበር ብሎን አለ። ቶ የሚሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቶን ቀድመው ሠርተው ካምበሩን ከነኩ እንደገና ቶን አሠራቸው።