ስለ ፍላሜንኮ ዘፈን ላነሣችኋቸው ጥያቄዎች

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዎቻችሁን አንድ በአንድ እያነሣሁ የማውቀውን እነግራችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ፍላሜንኮ ጭፈራ አይደለም እንዴ? ሁልጊዜ ስለ ዘፈኑ የምታወራው ለምንድነው?

መልስ፦ እኛ ዘንድ ቀድሞ የደረሰው ቀሚሱና የተረከዙ ድምፅ ስለሆነ ነው እንጂ ፍላሜንኮ ለበቀለባት ለደቡብ ስፔኗ አንዳሉሲያ ብዙ ሰዎች ልቡ ካንቴ ነው፣ ማለትም ዘፈኑ። ጊታሩ ዘፋኙን ይከተላል፤ የምትጨፍረዋም ጆሮዋን ከእሱ አትነቅልም። ወንዱ ካንታኦር፣ ሴቷ ካንታኦራ ይባላሉ።

ጥያቄ፦ ፓሎ የሚሉት ምንድነው?

መልስ፦ የዘፈን ዓይነት ነው። አንዱ ከሌላው የሚለየው በግጥሙ አይደለም፤ ያው ግጥም በሁለት ፓሎ ሊዘፈን ይችላል። ዋናው መለያ ኮምፓስ የሚባለው የምት ዑደት፣ ዜማውና ቅኝቱ ነው። እስቲ እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ አድርጉ። ከ1 እስከ 12 እኩል እየቆጠራችሁ 3፣ 6፣ 8፣ 10 እና 12 ላይ ብቻ ጠንከር አድርጋችሁ ምቱ። ዝግ ካለ ሶሌአ ነው። ከ12 ተነሥታችሁ ስታፈጥኑት ወደ ቡሌሪያስ ተጠግታችኋል። የካዲዝ ከተማው አሌግሪያስም በዚሁ 12 ምት ይሄዳል፤ ቅኝቱ ግን ብሩህ ነው፣ ዘፋኙም ብዙ ጊዜ «ቲሪቲትራን» እያለ ይገባል።

ሲጊሪያ ይለያል። ያው 12 ምት እኩል ባልሆኑ አምስት ክፍሎች ይከፈላል፦ አጭር፣ አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም፣ አጭር። እሱ እጄ ውስጥ እስኪገባ ወራት ፈጅቶብኛል። ስለ ሞትና ስለ እናት የሚዘፈነው ከባዱ ሐዘን የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ገና ሳይጀምር «አይ... አይ» እያለ የሚጮኸው አሞት ነው?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «አይ» ድምፁን ከጊታሩ ጋር የሚያስማማበት ነው፤ ቴምፕሌ ይሉታል። ከውስጥ ተቀዶ የሚወጣው ደግሞ ኬሂዮ ይባላል፣ ሮሮ እንደማለት። አንዷን ቃል በብዙ ኖታ እየጎተተ ሲያወርዳት ካዳመጣችሁት ጩኸት አለመሆኑ ይገባችኋል፤ እያንዳንዱ መውረጃ የተጠና ነው። የሻከረው፣ የተሰነጠቀ የሚመስለው ድምፅ ቮስ አፊያ ይባላል፤ ስሙ ኤል ፊዮ ከተባለ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ዘፋኝ የመጣ ነው። የኼሬዝ ከተማዋ ዘፋኝ ቲያ አኒካ ላ ፒሪኛካ ደስ ብሏት ስትዘፍን አፏ ደም ደም እንደሚላት ተናግራለች። ይህን ካነበብኩ ወዲህ ሲጊሪያን ሌላ ሥራ እየሠራሁ መስማት አልቻልኩም።

ጥያቄ፦ ከእኛ ዜማ ጋር ይመሳሰላል?

መልስ፦ ዝምድና አላቸው አልልም። ግን ሶሌአና ሲጊሪያ በሚዘፈኑበት ቅኝት ከመነሻው ድምፅ ቀጥሎ የሚመጣው በግማሽ እርምጃ ብቻ ነው የሚርቀው፤ አምባሰልም እንዲሁ ነው። አምባሰል የለመደ ጆሮ ያንን ጥበት ቶሎ ይለየዋል።

ጥያቄ፦ ያለ ጊታር የሚዘፈንም አለ ሲባል ሰማሁ።

መልስ፦ አለ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠውም እሱ ነው። ቶና እና ማርቲኔቴ በባዶ ድምፅ ይዘፈናሉ። ማርቲኔቴ ከሂታኖ (የስፔን ሮማ ሕዝብ) ብረት ቀጥቃጮች ጋር የተያያዘ ስለሆነ መድረክ ላይ መስፍና መዶሻ ሲያቀርቡ ታያላችሁ፤ የብረቱ ድምፅ ብቻ ነው አጃቢው። ሳኤታ ደግሞ የሰሙነ ሕማማት ነው። ሴቪያ ከተማ ውስጥ የክርስቶስ ወይም የእመቤታችን ምስል በሰልፍ ተይዞ ሲያልፍ አንድ ሰው ከሰገነት ላይ ድምፁን ያነሣል፤ ሰልፉ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ጥያቄ፦ ታንጎስ የአርጀንቲናው ታንጎ ነው?

መልስ፦ አይደለም። ባለ 4 ምት ፓሎ ነው፤ ለጀማሪ ጆሮ ቀላሉ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ከማን ልጀምር?

መልስ፦ እ.ኤ.አ. በ1890 ሴቪያ ከተወለደችው ዘፋኝ ከላ ኒኛ ደ ሎስ ፔይኔስ። ቅጂው አሮጌ ነው፣ ይንኮሻኮሻል፤ ታገሡት። ቀጥሎ ካማሮን ደ ላ ኢስላ፣ በተለይ ከፓኮ ደ ሉሲያ ጊታር ጋር። ካማሮን እ.ኤ.አ. በ1992 ገና በ41 ዓመቱ ነው ያረፈው። ስለ ማዕድን ሠራተኞች የሚዘፈነውን ታራንታ የወደደ ሰው ደግሞ ሙርሲያ ውስጥ ላ ኡኒዮን በምትባል የማዕድን ከተማ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደውን ውድድር ይከታተል።

ጥያቄ፦ «ኦሌ» የሚባለው መቼ ነው?

መልስ፦ ዘፋኙ የከበደውን ስንኝ ተሻግሮ ምቱ ላይ በትክክል ሲያርፍ፣ እዚያችው ቅጽበት ላይ። በስንኙ መሐል ግን ዝም ይባላል።