ልጁ ተኝቶ የልቡ ድምፅ ሲደክም

አንዲት አንስቴቲስት (ሰመመን ሰጪ ባለሙያ) ከገጠር ሆስፒታል የጠየቀችኝ ነው። የ2 ዓመት ልጅ ሄርኒያ እየተሰራ በሃሎቴን (በትንፋሽ የሚሰጥ የሰመመን መድሃኒት) አስተኝታው መብራት ሄደ፣ የሞኒተሩ ባትሪ አይሰራም፣ ስቴቶስኮፕ ደረቱ ላይ አድርጋ ስትሰማ ፍጥነቱ ያው ነው ድምፁ ግን እየራቀ መጣባት፣ ምን ማለት ነው ነው ጥያቄዋ።

እህቴ በጣም ጥሩ ነገር ነው የሰማሽው፣ ብዙ ሰው ምቱን ብቻ ቆጥሮ ያልፈዋል። "ሉብ" የምትለዋ የመጀመሪያዋ ድምፅ ልብ ሲጨመቅ በላይኞቹና በታችኞቹ የልብ ክፍሎች መሃል ያሉት ቫልቮች ሲዘጉ የምትመጣ ናት፣ ጡንቻው በሃይል ከጨመቀ ጠንከር ትላለች፣ ሃሎቴን ደሞ ጡንቻውን ያደክማል ስለዚህ ዶዙ ሲበዛ እየለሰለሰች ትሄዳለች። "ደብ" የምትለዋ ከቢፒ (ከደም ግፊት) ጋር ነው ነገሯ፣ ቢፒ ሲወርድ እሷም ትደክማለች። ሁለቱም ከራቁ ወይ ሰመመኑ በዝቷል ወይ ልጁ ፈሳሽ ወይ ደም አንሶታል ብለሽ አስቢ።

ወዲያው በሌላ እጅሽ ክንዱ ላይ ፐልሱን (የደም ስር ምቱን) ያዢ። ፐልሱ ሞልቶ እየመታ ከሆነ ስቴቶስኮፑ ተንሸራቶ ሊሆን ይችላል፣ የሰርጀኑ ክንድ ሲገፋው ሁሌ ያጋጥማል። ፐልሱም ከሳሳ ግን ቬፖራይዘሩን (ሃሎቴኑን የሚለቀውን መሳሪያ) ዝጊ፣ ሰርጀኑን "ቁም" በይው፣ ሙሉ ኦክስጅን እየሰጠሽ ራስሽ በባጉ አስተንፍሽው፣ ፍሉይድ በኪሎ 10 ሚሊ ስጪ። እና ደሞ መብራት ሲሄድ ኮንሰንትሬተሩም (ከአየር ኦክስጅን የሚያወጣው ማሽን) አብሮ እንደሚቆም አትርሺ፣ ሲሊንደሩ ተከፍቶ ተፈትሾ አጠገብሽ መሆን አለበት። የልብ ምቱ መውረድ ከጀመረ ህፃን ላይ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኦክስጅን እጥረት ነው፣ አየር መግባቱን ሳታረጋግጪ ወደ አትሮፒን (የልብ ምት የሚያፈጥን መድሃኒት) አትሩጪ፣ ከዛ በኋላ በኪሎ 0.02 ሚግ፣ 12 ኪሎ ለሆነ ልጅ 0.24 ሚግ ማለት ነው። ኦክስጅን እየገባ ምቱ ከ60 በታች ከሆነና ልጁ ከገረጣ ደረቱን መጫን ጀምሪ፣ አትጠብቂ።

ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ነገር ስቴቶስኮፑን መብራት ሲጠፋ አይደለም መለጠፍ ያለብሽ፣ ልጁ ሳይተኛ በፊት ነው። ከደረት አጥንቱ በግራ በኩል ከ2ኛው እስከ 4ኛው የጎድን አጥንት መሃል በፕላስተር ጥብቅ አድርገሽ ለጥፊውና ነቅቶ እያለ ድምፁን በደንብ ስሚው፣ ያንን ካልሰማሽ "ደከመ" የምትይው ከምን አንፃር ነው? በግራ መሆኑ ሌላም ጥቅም አለው፣ የመተንፈሻ ቱቦው ወደ ቀኝ ሳንባ ከገባ የግራው የትንፋሽ ድምፅ ሲቀንስ እዛው ትሰሚዋለሽ። ለስቴቶስኮፑ ረጅም ቱቦ ካገኘሽ በአንድ ጆሮ ብቻ ስሚ፣ ሌላው ጆሮሽ ሰርጀኑንና ክፍሉን ይስማ።

በኬታሚን (በመርፌ የሚሰጥ የሰመመን መድሃኒት) ስትሰሪ ግን ተጠንቀቂ፣ እሱ ልብን ስለሚያነቃቃ ደም ያነሰው ልጅ ላይ እንኳ ድምፁ ለጊዜው ጠንካራ ሆኖ ሊያሳስትሽ ይችላል። ስቴቶስኮፕ ኦክስጅን መውረዱንም ቀድሞ አይነግርሽም፣ ልብ ሲዘገይ ከሰማሽ ቀድሞ ወርዷል ማለት ነው፣ ስለዚህ በባትሪ የሚሰራ ፐልስ ኦክሲሜትር (የደም ኦክስጅን መለኪያ) ካልመጣ ቀጠሮ ያለው የልጅ ኬዝ አልጀምርም ብለሽ ለሆስፒታሉ በፅሁፍ አስገቢ።