መልስ፦ «ሬዚደንት ኢቭል 4 ላይስ ነጮች ይገደሉ የለ?» ለሚልህ ጓደኛህ

ሬዚደንት ኢቭል ተከታታይ የቪዲዮ ጨዋታ ነው፤ አፍሪካ ውስጥ የሚካሄደው 5ኛው ክፍል ጥቁር ሰዎችን በሳለበት መንገድ ተወቅሷል። ጓደኛህ «4ኛው ላይ የስፔን ገበሬዎች ሲገደሉ ዝም ተብሎ፣ 5ኛው ላይ ለምን ይጮኻል?» ሲልህ ስለ ሟቾቹ ቀለም አትከራከረው፤ እዚያ ላይ ይረታሃል። ወደ ምስሉ አዙረው። ጥቁር ሕዝብ እንደ አውሬ መንጋና እንደ በሽታ ምንጭ የተሳለበት ረጅም የቅኝ ግዛት ታሪክ አለ። የስፔን ገበሬ ያን የመሰለ ሸክም የለበትም።

መጀመሪያ በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣውን የ5ኛውን ክፍል ማስታወቂያ አሳየው፦ ነጭ ታጣቂ፣ ድሃ መንደር፣ የሚወድቁ ጥቁር ሰዎች። ቁጣው የተነሳው ከዚህ ነው፤ ጨዋታው ራሱ የወጣው በ2009 (እ.ኤ.አ.) ነው።

ቀጥለህ የጨዋታውን ረግረጋማ ምዕራፍ ክፈትለት። ዋናው ማስረጃህ እዚህ ነው። በዘመናችን አፍሪካ በሚካሄድ ታሪክ ውስጥ የሣር ቀሚስ፣ ጭምብልና ጦር ታያላችሁ። እዚያው የምትገኘውን የአንድ ወጣት ማስታወሻ አብራችሁ አንብቡ፦ የመንደሩ ወንዶች ከታመሙ በኋላ ወደ አባቶቻቸው አለባበስ ተመለሱ ይላል። በሽታና ባህል አንድ ላይ ተሰፉ ማለት ነው! ይህን «አጋጣሚ ነው» ብሎ ማለፍ ይከብዳል።

የጨዋታውን ገጸ ባሕርይ ሼቫ አሎማርን ይጠቅስልሃል። አፍሪካዊት ጀግና መሆኗን፣ በሽታውንም ያመጡት የውጭ ሰዎች መሆናቸውን እሱ ሳይናገር አንተ ቀድመህ እመንለት። ሁለቱም እውነት ነው፤ የረግረጉን ምስል ግን አይሽሩም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ «ሠሪዎቹ ዘረኞች ናቸው» ወይም «አንተም ዘረኛ ነህ» አትበል። የሰው ልብ ውስጥ ያለውን ማስረዳት አትችልም፤ ያን ቃል ስታወጣ ጓደኛህ ጨዋታውን ትቶ ራሱን መከላከል ይጀምራል። «እዚህ ቦታ ላይ ምን ይታይሃል?» ብለህ ጠይቀውና ዝም በል።