የድሮ ስልክ ቁጥሬ ነው ፓስወርዴ፣ ልቀይረው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ዱባይ ነው የምሠራው። ጂሜሌን የከፈተልኝ አገር ቤት ስልክ የገዛሁበት ሱቅ ያለው ልጅ ነው፤ ፓስወርዱ የያኔው ስልክ ቁጥሬ ነው። ፌስቡኬም ቲክቶኬም በዚያው ይከፈታል። ሰሞኑን ስልኬ «ፓስወርድሽ ሾልኳል፣ ቀይሪው» እያለ አስቸገረኝ። ብቀይረው ደግሞ እንዳልረሳው ፈራሁ። ምን ይሻለኛል?

ሰ. ከዱባይ

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ዛሬውኑ ቀይሪው፣ ከጂሜሉ ጀምረሽ። ፌስቡክም ሆነ ቲክቶክ «ፓስወርድ ረሳሁ» ሲባሉ መቀየሪያውን ወደ ኢሜይል ስለሚልኩ ጂሜልሽ የገባ ሰው ሌላውም በእጁ ነው።

ግን መጀመሪያ ጉግል አካውንትሽ ውስጥ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ክፈቺና የተመዘገበውን ስልክ ቁጥር እዪ። የኢትዮጵያው ሲም ከሆነ አሁኑኑ በዱባዩ ተኪው። ብዙ ጊዜ ያልሠራ ቁጥር ለሌላ ሰው ይሸጣል፣ ያን ጊዜ ጉግል ማንነትሽን ለማረጋገጥ የሚልከው ኮድ የሚደርሰው ለማታውቂው ሰው ነው። ይሄን ነገር አገር ለቀው የወጡ ብዙዎች ይረሱታል።

ማስጠንቀቂያውን አትናቂው። ያ ፓስወርድ ከሆነ ቦታ ተሰርቀው ከወጡት መሃል ተገኝቷል ማለት ነው። ሌቦች የተሰረቀውን ይዘው በኮምፒውተር እያንዳንዱ ድረ ገጽ ላይ ይሞክሩታል፤ ለሁሉም አንድ ፓስወርድ መጠቀም አደገኛ የሆነውም ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ ኩባንያ 32 ሚሊዮን ፓስወርድ ተሰርቆ ነበር፣ ከሁሉ የበዛው 123456 ነው። ሌቦች የሰው ፓስወርድ ለመስበር ዝርዝሩን እስካሁን ይጠቀሙበታል።

አዲሱን ረጅም አድርጊው። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት አምስት የአማርኛ ቃላት በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፊ፣ ለምሳሌ «ሙዳይ ጎማ ሐሙስ ድንች ቀበሌ»። (ይሄን እንዳለ አትውሰጂው፣ ታትሟል!) ተረትና ምሳሌ፣ የመዝሙር ስንኝ፣ የልጅ ስም ግን አይሆንም፤ ሰው ይገምተዋል። አንድ ፊደል በ@ መተካትም ብዙ አይጠቅምም፣ የሌቦቹ ፕሮግራም ያውቀዋል። በየሦስት ወሩ ቀይሩ የሚባለውንም እርሺው፤ የአሜሪካው የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ፓስወርዱ ሾልኮ ካልሆነ በስተቀር ያለ ምክንያት አታስቀይሩ ብሏል።

መርሳቱን በተመለከተ፣ በቃልሽ የምትይዢው የጂሜሉን ብቻ ይሁን። የሌሎቹን ስልክሽ ራሱ ይፍጠርልሽ፣ ጉግል ያስቀምጥልሻል፤ ቢትዋርደን የሚባለው አፕም በነፃ ይሠራል። የጂሜሉን ደብተር ላይ ብትጽፊው ችግር የለውም፣ ሩቅ አገር ያለ ሌባ ደብተርሽን አያይም። ክፍል የምትጋሪ ከሆነ ግን ኢሜይሉን አብረሽ አትጻፊ።

ከዚያ ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን (ከፓስወርዱ ሌላ ስልክሽ ላይ የሚመጣ ኮድ የሚጠይቀውን) አብሪ። የሚመጣልሽን ኮድ ለማንም እንዳትሰጪ፤ ጓደኛሽ በቴሌግራም «በስህተት ወደ አንቺ ኮድ ተልኮብኛል፣ ንገሪኝ» ብትልሽ እንኳ ደውለሽ ድምጿን ስሚ፣ አካውንቷ ተሰርቆ ሊሆን ይችላል። በመጨረሻ እዚያው ሴኪዩሪቲ ውስጥ ጂሜልሽ የተከፈተባቸውን ስልኮች ዝርዝር ታገኛለሽ፤ ያንቺ ያልሆነውን ሁሉ አስወጪ።