እናትሽ ፒ53 እና ኬአይ-67 ይሠራላቸው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። እናትሽ እዚህ ጅማ ኢንዶስኮፒ ተደርጎላቸው የናሙናው ውጤት «የምግብ ቱቦ ስኳመስ ሴል ካርሲኖማ» ብሎ መጥቷል፤ ማለትም ከቱቦው የውስጥ ሽፋን ሴሎች የሚነሳ ካንሰር ነው። አዲስ አበባ ያለው ወንድምሽ ደግሞ «ፒ53 እና ኬአይ-67 ይሠራላቸውና ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ እንወቅ» ብሏል፤ ሁለቱም ናሙናው ላይ የሚታዩ ፕሮቲኖች ናቸው። እናንተም ያ እስኪመጣ ሕክምናውን ልታቆዩት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን አባቴን በዚሁ በሽታ አስታምሜያለሁ፤ ይህንኑም ስህተት ሠርተናል።

አባዬ አጋሮ ነበር የሚኖረው። መጀመሪያ እንጀራ ያለ ውሃ አልወርድ አለው። ቀጥሎ ፍትፍትም እምቢ አለ። አጥሚት ብቻ ሲቀረው ነው ጅማ ያመጣነው። ቱቦው ስለሚለጠጥ በጣም ካልጠበበ በሽታው አይታወቅም፤ ብዙ ሰው የሚዘገየው ለዚህ ነው።

ውጤቱ እንደመጣ አንድ ዘመዳችን «የፕሮቲን ምርመራ ሳይሠራ እንዳትጀምሩ» አለን። ብሎኩን፣ ማለትም ናሙናው የተቀመጠበትን የሰም ቁራጭ፣ ይዤ አዲስ አበባ ወጣሁ። አራት ሳምንት ጠበቅን። በእነዚያ ሳምንታት አባዬ ቀበቶው ላይ ሁለት ቀዳዳ ጨመረ። ወረቀቱን ይዤ ስገባ የካንሰር ሐኪሟ አየችውና «ይሄ እኮ የማዘውን ሕክምና አይቀይርም» አለችኝ። ያን ቀን ያስረዳችኝን ነው አሁን የምነግርሽ።

ፒ53 የተበላሸ ሴል እንዳይባዛ የሚያግድ ፕሮቲን ነው። በስኳመስ ዓይነቱ የአብዛኛው ታማሚ የፒ53 ዘረመል የተበላሸ ነው። ስለዚህ መበላሸቱን ማወቅ እናትሽን ከሌላው ታማሚ አይለይም። ኬአይ-67 ደግሞ በመባዛት ላይ ያሉትን ሴሎች ያሳያል። በዚህ ካንሰር ላይ የዕድሜ ትንበያ ይሰጣል ወይ የሚለው ላይ ጥናቶቹ አልተስማሙም። በሁለቱም ተመርጦ የሚታዘዝ የተለመደ መድኃኒት የለም። በእነሱ የሚሰጡት ትንበያዎች የብዙ ሰው አማካይ ናቸው እንጂ የእናትሽን ቀን አይቆጥሩም።

ሕክምና የሚቀይሩም አሉ። ፒዲ-ኤል-1 ካንሰሩ ከሰውነት መከላከያ የሚደበቅበት ፕሮቲን ነው። በሽታው ተሰራጭቶ ፔምብሮሊዙማብን የመሰለ መድኃኒት ሲታሰብ ይታያል። ውጤቱ «ሲፒኤስ» ተብሎ በቁጥር ይጻፋል፤ 10 እና ከዚያ በላይ በሆነላቸው ላይ የመድኃኒቱ ጥቅም ጎልቶ ታይቷል። መድኃኒቱ ግን በጣም ውድ ነው። ማግኘት ካልቻላችሁ ለምርመራው መክፈሉ ምን ይጠቅማል? ሄር-2 የሚባለው ፕሮቲን ምርመራ ደግሞ በዋናነት ከጨጓራ አጠገብ ለሚነሳው፣ አዴኖካርሲኖማ ለሚባለው ሌላ የካንሰር ዓይነት ነው። ውጤቱ 3+ ከሆነ ትራስቱዙማብ የሚባል መድኃኒት ይታሰባል፣ 2+ ከሆነ ሌላ ማረጋገጫ ይፈልጋል። የእናትሽ ስኳመስ ስለሆነ እሱ ላይ ገንዘብ አታጥፉ።

ስለ ቀጣዩ ጊዜ ከፕሮቲኖቹ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ሌላ ነው፦ ዕጢው የቱቦውን ግድግዳ ምን ያህል ሰርስሯል፣ ንፍፊቶች ውስጥ ገብቷል ወይ፣ ጉበት ወይም ሳንባ ደርሷል ወይ፣ እናትሽስ አቅምና ክብደታቸው እንዴት ነው። ገንዘባችሁ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ መሰራጨቱን የሚያሳየው ሲቲ ስካን ላይ ይዋል።

ከሁሉም በፊት ግን ምግብ። የተዳከመ ሰው ኬሞም ጨረርም ይከብደዋል። ፈሳሽ እንኳ እምቢ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያንኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዷቸው። ስቴንት፣ ማለትም የጠበበውን ቱቦ ከፍቶ የሚይዝ ቀጭን ቱቦ፣ ወይም የመመገቢያ ቱቦ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። አባዬ ስቴንት ከገባለት ከጥቂት ቀን በኋላ የላመ ሽሮ ፍትፍት በላ። እናቴ ያን ቀን አለቀሰች።

ቡናው ነው ወይ ላልሽው፦ የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2016 እ.ኤ.አ. ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ያለው ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣ በጣም ትኩስ መጠጥን እንጂ ቡናን ራሱን አይደለም። እናትሽን በዚህ አታስጨንቂያቸው፤ እናንተ ግን በረድ አድርጋችሁ ጠጡ።

ለወንድምሽ ደግሞ ይህን ንገሪው። ሐኪሙን «ይህ ምርመራ ሕክምናዋን ይቀይራል?» ብሎ ይጠይቅ። ይቀይራል ካሉ ይሠራ። ብሎኩ ስለሚቀመጥ ኋላም ሊጠየቅ ይችላል፣ አያመልጣችሁም። ዛሬ ማታ እናትሽን መዝኛቸውና ኪሎውን ከነቀኑ ጻፊው፤ ሐኪሙ ጋ ስትገቡ ያንን ይዘሽ ግቢ።